የቆየ በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ቤት ውስጥ ይታጠባል? አንድ ጥያቄ እና 27 ምላሾች

ጠያቂዋ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ያቀረበችው ጉዳይ አጭር ነው። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሚሆን፣ በእጅ የተሠራ የሱፍ ምንጣፍ አላት። መደቡ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ሰማያዊና ነጣ ያለ ነው፤ በጠርዙ ላይ ትንንሽ ቀያይ አበቦች አሉበት። አክስቷ ቤት ሲቀይሩ ሰጧት እንጂ አልገዛችውም፤ ዕድሜውንም በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ለብዙ ዓመታት ተጠቅልሎ በመቆየቱ ሽታ ይዟል፤ አንደኛው ማዕዘኑ ላይም ምንጩ ያልታወቀ ቡናማ እድፍ አለ። ያሰበችው በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ ማሳደር፣ ጠዋት በብሩሽ ፈግፍጋ ማጠብ፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ በገመድ ማስጣት ነው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ፦ የትኛው ሳሙና ይሻላል?

የተሰጧትን ምላሾች በተራቸው አስቀምጣለሁ፤ ኋለኞቹ ወደ ቀደሙት እየተመለሱ ስለሚከራከሩ ቁጥራቸውን መያዝ ያስፈልጋል። ከራሴ አስተያየትም አልቆጠብም። ከወዲሁ ልናገረውና፣ ከጉዳዩ ሁሉ ትንሹ ሳሙናው ነበር፤ መድረኩ ይህን እስኪያውቅ ግን ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዷል።

1ኛ። የመጀመሪያው መላሽ ትሑት ሰው ነው። ሰላምታ አስቀደመ፣ ጠያቂዋን እርስዎ እያለ አከበረ፣ ከዚያ የልብስ ዱቄት ሳሙና በፍጹም እንዳትጠቀም መከራት። ምክንያቱንም በሚገባ አስረዳ። ብዙዎቹ የዱቄት ሳሙናዎች የደም፣ የወተትና የእንቁላል እድፍ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች አሉባቸው። እነዚህ ኢንዛይሞች የሚበሉት ፕሮቲን ነው፤ ሱፍም ራሱ ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ስለሆነ እድፉን ከጠጉሩ ለይተው አያውቁም። በረኪና ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ ሱፍን ያሟሟዋል። ስለዚህ ለሱፍ ልብስ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና ወይም ለስላሳ ሻምፖ፣ እሱም በጥቂቱ፣ ይበቃል አለ። ለተጠየቀው ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይኸው ነበር። ጠያቂዋ ይህን ይዛ ብትሄድ ኖሮ ግን ምንጣፉ በጥሩ ሳሙና ይበላሽ ነበር።

2ኛ። አንድ መስመር፦ ለባለሙያ ይሰጥ፣ አበቃ። ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ ብላ ለጠየቀች ሰው ግን በር ዘግቶ እንደ መሄድ ነው።

3ኛ። ውይይቱን ያቀናው ይህ ነው። ውሃ ከመነሣቱ በፊት አቧራው ይውጣ አለ፤ ሌላ ነገር አላለም፣ ይህንኑ አንድ ነገር ግን በዝርዝር አሳየ። ምንጣፉ ንጹሕ አንሶላ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ይዘረጋል። ከዚያ ጀርባው ከአንዱ ጠርዝ ተጀምሮ፣ በመስመር በመስመር፣ በመዳፍ ጠበቅ ተደርጎ ይመታል። ምንጣፉ ሲነሣ አንሶላው ላይ የሚታየው ያስደነግጣል፤ ፊቱ ንጹሕ የሚመስለው ምንጣፍ ሥሩ ላይ የደቀቀ አሸዋ ይዞ ኖሯል። ይህ አሸዋ ሹል ጠርዝ አለው፤ ምንጣፉ በተረገጠ ቁጥር የሱፉን ሥር ይገዘግዛል። ውሃ ሲፈስበት ደግሞ ጭቃ ሆኖ በቋጠሮዎቹ መካከል ይወሸቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ማውጣት ዘበት ነው። ከጀርባ የሚወርደው ሲያቆም ምንጣፉ ይገለበጥና ፊቱ በአቧራ መሳቢያ ማሽን ይጸዳል፤ የሚሽከረከረው ብሩሽ ተነቅሎ፣ በጠጉሩ አቅጣጫ፣ ዘርፉ ሳይነካ። የጠጉሩን አቅጣጫ እጅ ራሱ ይነግራል፤ በአንዱ ወገን ሲያሻሹት ይተኛል፣ በሌላው ወገን ይቆማል። ሁለቱንም ሥራ አቧራ መውጣቱ እስኪያቆም መደጋገም ነው።

4ኛ። ይህ ሰው በልጅነቱ ምንጣፍ ገመድ ላይ ተሰቅሎ በዱላ ሲደበደብ ያየውን ተረከ። አቧራው እንዴት ይጨስ እንደነበር፣ ዱላውን ለመያዝ ከወንድሞቹ ጋር እንዴት ይጋፉ እንደነበር ሁሉ ጻፈ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፤ ምክሩ ግን በሚቀጥለው ምላሽ ተጣለ።

5ኛ። ለአዲስ ምንጣፍ ይሁን፣ ለአሮጌ ግን አይሆንም አለ አራሚው። ገመዱ ላይ የሚያርፈው መስመር የምንጣፉን ክብደት ሁሉ ይሸከማል፤ በላዩ ዱላ ሲጨመር የደከመው ድርና ማግ እዚያው እጥፋቱ ላይ ይበጠሳል። መዳፍ፣ ያውም መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ይበቃል። 4ኛው ተመልሶ መጥቶ በእነሱ ቤት የተደበደበው ምንጣፍ ዛሬም እንዳለ አስታወቀ፤ ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

6ኛ። እዚህ ላይ አንዲት ጠንቃቃ ሴት ገባችና ሁላችንም ልንጠይቀው የሚገባንን ጠየቀች፦ ምንጣፉ በእውነት በእጅ የተቋጠረ ነው ወይ? መለያውንም ሰጠች። በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ ጀርባው ላይ ያለው ሥዕል የፊቱን ያህል ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዘርፉም የድሩ ጫፍ ነው እንጂ በኋላ የተሰፋ አይደለም። ጀርባው በጨርቅ የተሸፈነ ከሆነ ግን ጠጉሩ የተያዘው በቋጠሮ ሳይሆን ከጨርቁ ሥር ባለ የላቴክስ ሙጫ ነው። ያ ሙጫ ሲያረጅ እየተፈረፈረ ዱቄት ይሆናል፣ ይሸታልም፤ ውሃ ሲጠጣ ጨርቁ ከጠጉሩ ይላቀቃል።

ስለ ክሩ ዓይነትም አንድ ነገር ጨመረች። አንዲት ክር ከዘርፉ ሳይሆን ከጠጉሩ ተነቅላ በክብሪት ትቃጠል፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ወይም ሐር ነው፣ የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ወይም ቪስኮስ፣ ማለትም ከእንጨት የሚሠራ ክር፣ ነው። ቪስኮስ ብዙ ጊዜ ሐር ተብሎ ይሸጣል፤ ሲርስ ጥንካሬውን በእጅጉ ያጣል፣ ሲደርቅም ቢጫ የመሆን ጠባይ አለው። እውነተኛ ሐር ከሆነም ቤት ውስጥ ባይታጠብ ይሻላል አለች።

7ኛ። ጠያቂዋ ተመለሰች። ጀርባው እንደ ፊቱ ይታያል፣ የተቃጠለው ክር ፀጉር ይሸታል፣ ዘርፉ የጥጥ ነው። አመሰገነችና ስለ ሳሙናው እንደገና ጠየቀች።

8ኛ። ይህ መላሽ ለሳሙናው መልስ አልሰጠም፤ ጆሮዋን ጠየቃት። ምንጣፉን በቀስታ፣ በትንሹ፣ እድፉ ባለበት ማዕዘን በኩል ወደ ኋላ እጠፊና አድምጪ አላት። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከተሰማ የጥጡ ድር በስብሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የአበባ ማስቀመጫ ለረጅም ጊዜ ውሃ ያንጠባጠበበት ወይም የቤት እንስሳ የሸናበት ቦታ እንዲህ ይሆናል። እንዲህ ያለው ምንጣፍ ውሃ ከነካው በራሱ ክብደት ይቀደዳል። አጭርና ቁም ነገር ያለው ምላሽ ነበር፤ የሚያሳዝነው ማንም አላመሰገነውም።

9ኛ። የቀለም ፈተና። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሊታጠብበት በታሰበው ውህድ፣ ያው ሳሙና፣ ያው የውሃ ሙቀት፣ ይነከርና ተጨምቆ በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ይጫናል፤ በላዩ ከባድ ነገር ይቀመጥና ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው መፈተን አለበት። በተለይ ሁለት ቀይ ካለ ሁለቱም፤ ለዓይን አንድ የሚመስሉ ቀዮች ከሁለት የተለያዩ ማቅለሚያዎች ሊመጡ ይችላሉና። ጨርቁ ላይ ሮዝ ጥላ እንኳ ከታየ ዘፍዝፎ ማጠብ የሚባለው ሐሳብ ይሰረዛል።

10ኛ። ረጅሙ ምላሽ ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ ያነበብኩትም ይህንኑ ነው። ቀለም ለምን እንደሚለቅ ከታሪክ ጀምሮ አስረዳ። ለብዙ ዘመን ቀዩ የሚገኘው ሩቢያ ከሚባለው ተክል ሥር፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ ነበር። ለቀዩ ሱፉ አስቀድሞ አሉም በሚባል የማዕድን ጨው ይቀቀላል፤ አሉሙ ቀለሙን ከጠጉሩ ጋር ስለሚያስተሳስረው በደንብ የተነከረ ቀይ በውሃ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ ኬሚስት የመጀመሪያውን ገበያ የያዘ ሰው ሠራሽ ቀለም አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርት ዓመታት ርካሽ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ወደ ሸማኔዎቹ መንደር ጎረፉ። ከእነዚያ ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ወይ ብርሃን ያጠፋቸዋል፣ ወይ ውሃ ያስለቅቃቸዋል። በኋላ የመጡት የክሮም ቀለሞች ግን ጽኑ ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። ምንጣፍ ባረጀ ቁጥር ቀለሙ ደካማ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተሠራው ከእርሱ በፊት ከተሠራው ይልቅ ሊያስፈራ ይችላል። ጥቁርና ጥቁር ቡናማው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በብረት ማዕድን የተነከረ ስለሆነ ብረቱ በጊዜ ብዛት ሱፉን ይበላዋል፤ ስለዚህ በአሮጌ ምንጣፎች ላይ ጥቁሩ ቦታ ከአካባቢው ዝቅ ብሎ ይገኛል። የተረገጠ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ፤ የቀለሙ ሥራ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብሩሽ መፈግፈግ የቀረውን መላጨት ነው።

11ኛ። ጨውና አቼቶ ውሃው ውስጥ ከተጨመረ ቀለም አይለቅም፣ ይህን ያህል ትንታኔ አያስፈልግም፣ ከቤተሰብ የተማርኩት ነው አለ።

12ኛ። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። 12ኛው መላሽ ጨው አንድ ጊዜ የተነከረ ሱፍ ላይ ቀለሙን ዳግመኛ አያስርም፤ ይህን የሚያወሩ ሰዎች ስንት ምንጣፍ እንዳበላሹ ቢቆጠር ብሎ ጀመረ። ስለ አቼቶ ግን ሚዛናዊ ነበር። አሲድነት ባለው ውሃ ውስጥ ሱፍ ቀለሙን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሳሙናም የሚያመጣውን አልካሊነት አቼቶ ያለዝበዋል፤ ስለዚህ አቼቶ መልቀቁን ያዘገያል። የሚለቅ ቀለምን የማይለቅ አያደርገውም።

13ኛ እና 14ኛ። 11ኛው ተመልሶ አስተማሪ ነኝ ባይ በዛ አለ፤ 12ኛው መማር የማይፈልግ ይበልጥ በዝቷል ብሎ መለሰለት። እስከዚህ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሁለቱ በዚህ ምልልስ አንተ ተባብለዋል፤ በእኛ ቋንቋ ጠብ የሚጀመረው ከስድብ በፊት በዚህ ነው። ስለ ፍሬ ነገሩ ከተባለ 12ኛው ልክ ነው። አነጋገሩ ግን 11ኛው የተናገራትን ግማሽ እውነት እንኳ ይዞ እንዳይቆም አደረገው።

15ኛ። አንድ ሰው ሁለቱንም ትቶ፣ ጠያቂዋ ያሰበችውን ነገር እሱ ራሱ አድርጎት ምን እንደሆነ ነገራት። ምንጣፉን ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፈው። ሲያስገባው ለብቻው ተሸክሞ ነበር፤ ጠዋት ሊያወጣው ሲል ግን ሊያነሣው አልቻለም። ሱፍ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ፣ ከዚያም በላይ፣ ይሸከማልና ሃያ ኪሎ የነበረው ዕቃ ከአርባ አልፎ ጠበቀው። ገንዳው ስለጠበበ ምንጣፉ ተጣጥፎ ነበር ያደረው፤ በእጥፋቱ ፊት ለፊት የተገናኙት ቦታዎች አንዱ የሌላውን ቀለም ወሰደ፣ ነጩ ላይ የቀይ ጥላ ታተመ። ሳሙናውንም አለቅልቆ ሊጨርሰው አልቻለም፤ በጨመቀው ቁጥር አረፋ ይወጣ ነበር። ያልወጣ ሳሙና ሲደርቅ የሚያጣብቅ ሽፋን ሆኖ ስለሚቀር ምንጣፉ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ፈጥኖ መቆሸሽ ጀመረ። ምክር አልጨመረም፤ አያስፈልገውምም ነበር።

16ኛ። ከሁሉ የሚጠቅመው ምላሽ ከሁሉ ደረቁ ነበር፤ ቀልድ የለው፣ ታሪክ የለው፣ ሰላምታ እንኳ የለው። የት ይደርቃል ብሎ ጠየቀ። ይህ ካልተመለሰ በቀር ስለ ሳሙና መነጋገር ትርጉም የለውም።

ሱፍ፣ አለ፣ የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ለእጅ ደረቅ ሊመስል ይችላል። በዚያ ላይ መጨረሻ የሚደርቀው በቋጠሮዎቹ መካከል የተቀበረው የጥጥ ድርና ማግ ነው። ፊቱን ዳስሶ ደረቀ ብሎ የሚያነጥፍ ሰው እርጥብ ጥጥ ወለል ላይ ይዘጋል፤ ያ ጥጥ ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ውሎ አድሮም በ8ኛው ምላሽ እንደተባለው ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ መዳሰስ ያለበት ጀርባው ነው፤ በተለይ ሥዕሉ ወፍራም በሆነበት መካከሉ። በእጅ ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም።

አደራረቁንም ዘረዘረ። ገመድ ላይ መስቀል የለም፤ እርጥብ ምንጣፍ በራሱ ክብደት ይንጋደዳል፣ የለቀቀ ቀለም ካለም ወደ ታች ይወርዳል። ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ በርብራብ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ሣጥኖች ላይ ጠፍጥፎ ተዘርግቶ፣ ከላይም ከሥርም አየር ይነፍስበታል፤ ቬንትሌተር ካለ ከሁለቱም ወገን ቢነፍስበት ጥሩ ነው። በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ መድረቅ አለበት። ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለም ያፈዛል፤ ጥላ ግን ነፋሻ ቦታ ይመረጣል። እርጥበቱ ሲተን ከውስጥ ወደ ጠጉሩ ጫፍና ወደ ዘርፉ ይጓዛል፣ ሲጓዝም የተረፈውን እድፍና ከጥጡ የወጣውን ቡናማ ነገር ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ነው ንጹሕ የታጠበ ምንጣፍ ዘርፉ ቢጫ ሆኖ የሚደርቀው። ያን ጊዜ ሰው በረኪና ያነሣል። በረኪናው ዘርፉን ያነጣዋል፤ በኋላ ግን ዘርፉ እየተበጠሰ በመጥረጊያ ይወሰዳል።

17ኛ። ከዚህ በኋላ ውይይቱ ዋናውን መንገድ ስቶ ጥቂት ተንሸራሸረ። አንዱ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስላለው የአርደቢል ምንጣፍ፣ ስለ ታዋቂው የኢራን ምንጣፍ፣ አነሣ። ምንጣፉ ራሱ ላይ በተሸመነው ጽሑፍ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1539 ወይም በ1540 ያለቀ ነው፤ ቀለሙ እንዳይጠፋ መብራቱ በየግማሽ ሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ብቻ እንደሚበራለት ነገረን። ፀሐይ ላይ ስለ ማስጣት ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

18ኛ እና 19ኛ። ሌላው የፓዚሪክን ምንጣፍ ጠቀሰ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሰርጌይ ሩደንኮ የተባለው አርኪዎሎጂስት በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች በአንድ መቃብር ውስጥ ያገኘው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ዛሬ ሩሲያ ውስጥ በሄርሚታዥ ሙዚየም የሚገኝ ነው። መቃብሩ ውስጥ ገብቶ የነበረው ውሃ በረዶ ሆኖ ስለጠበቀው ቀይ መደቡ እስከ ዛሬ ይታያል። እንግዲያው ውሃ ምንጣፍ አይገድልም አለ እየቀለደ። 19ኛው በረዶና የሞቀ ውሃ አንድ አይደሉም ብሎ መለሰ፤ ቀልዱን አልወደደለትም።

20ኛ። ቀልዱን በቁም ነገር የያዘው ይህ ነው። በቴህራን አጠገብ በሬይ፣ ቼሽሜ አሊ በሚባለው ምንጭ ምንጣፎች ሲታጠቡና ዓለቱ ላይ ተሰጥተው ሲደርቁ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ሞልተዋል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ፍርሃት ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

21ኛ። መልሱ ግን ስለታም ነበር። እዚያ የሚያጥቡት ሥራው ኑሯቸው የሆነ ሰዎች ናቸው፤ የሚፈስ ውሃ የለቀቀውን ቀለም ወዲያው ይወስዳል፣ ዓለቱ የጋለ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። ገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከእነዚህ አንዱ እንኳ አለ ወይ ብሎ አፋጠጠው። ቀጥሎ ያነሣው ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ አሜሪካ ይላኩ የነበሩ ብዙ የሳሩክ (የኢራን) ምንጣፎች እዚያ በኬሚካል ታጥበው ቀለማቸው እንዲፈዝ ይደረግ ነበር፤ ከዚያ ገዢው የሚወደውን ጥልቅ ቀይ እንዲያገኙ መደባቸው በእጅ፣ በብሩሽ እንደገና ይቀባ ነበር። እንዲህ ያለ ምንጣፍ ሲታጠብ የሚለቀው ሸማኔው የነከረው ቀለም ላይሆን ይችላል፤ በላዩ የተቀባው ይሆናል።

መለያው ጠጉሩን ከፍቶ ማየት ነው። ብርሃን ያፈዘዘው ምንጣፍ ጫፉ ፈዛዛ፣ ሥሩ ደማቅ ነው። የተቀባው ግን ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ጫፉ ጠቆር ይላል፣ ሥሩና ጀርባው ሮዝ ይመስላል። በተመሳሳይ መንገድ የተላጡ ቦታዎችን በቀለም እስክሪብቶ ነካክተው የሚሸጡ አሉ፤ አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል በሻይ የሚነክሩም አሉ። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ባልዲ ውሃ ላይ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ግን ረፍዷል።

22ኛ። ጠያቂዋ ፈተናውን ጨርሳ መጣች። ማዕዘኑ ሲታጠፍ አልተንኮሻኮሸም። መደቡ ቀይ፣ ሰማያዊውና ነጩ ጨርቁን አላቀለሙትም። የጠርዙ ትንንሽ ቀያይ አበቦች ግን ጨርቁ ላይ ሮዝ ትተዋል። 9ኛው መላሽ ስለ ሁለት ቀይ የተናገረው ይኸውና። መዘፍዘፉን ትታለች፤ ታዲያ ምን ይቀረኛል ብላ ጠየቀች። ሳሙና የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ አላነሣችም።

23ኛ። የቀራት ፊቱን ብቻ ማጽዳት ነው። ይህን የጻፈችው 6ኛዋ ናት። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ሳሙናና አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ይገባል። ጨርቅ ተነክሮ እስኪበቃው ይጨመቃል፤ ሲነኩት እርጥብ እንጂ የሚያንጠባጥብ መሆን የለበትም። ክንድ የሚደርስበትን ያህል ቦታ ብቻ በጠጉሩ አቅጣጫ፣ ሳይፈገፈግ፣ ይጠረጋል። ወዲያው በንጹሕ ውሃ ተነክሮ በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ ሳሙናው ይነሣል፤ ወዲያው ደግሞ ደረቅ ፎጣ ተጭኖበት እርጥበቱ ይመጠጣል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቦታ መሄድ ነው። ጨርቁ ሲቆሽሽ ይገለበጣል፣ ውሃው ሲደፈርስ ይለወጣል። አበቦቹ አጠገብ ሲደረስ ደረቅ ጨርቅ ብቻ። እርጥበቱ ወደ ጥጡ ካልደረሰ የ16ኛው ምላሽ ጣጣ ሁሉ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ቬንትሌተሩ አይቀርም። የጠጉሩ ጫፍ ሲደርቅ በእጅ ወደ ተፈጥሮው አቅጣጫ ማስተኛት እንጂ ብሩሽ ማንሣት የለም።

24ኛ። ቡናማውን እድፍ በሚመለከት አንዱ ቤኪንግ ፓውደር ነስንሶ ማሳደርን መከረ። 12ኛው፣ ያው ሰውዬ፣ ተመልሶ መጣ። ለዚህ ዓይነት ጽዳት የሚመከረው ቤኪንግ ሶዳ እንደሆነ አረመና፣ እሱም ቢሆን አልካሊ ስለሆነ ከሱፍ ጋር እንደማይስማማ፣ ዱቄቱም ቋጠሮዎቹ ሥር ገብቶ እንደማይወጣ ተናገረ። አሁን ግን እርስዎ እያለ ነበር። እድፉ የሽንት ከሆነ፣ ትኩስ ሆኖ ቢደረስበት በቀዝቃዛ ውሃና በአቼቶ ደጋግሞ ማምጠጥ ያድነው ነበር። ሲቆይ ግን ወደ አሞኒያ ስለሚለወጥ ቀለሙን ራሱን ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ የሚታየው ቡናማ ነገር የሚነሣ ቆሻሻ መሆኑ ቀርቶ የሱፉ አዲስ መልክ ሆኗል። እንዲያ ከሆነ እድፉ ይተው አለ። እኔም እስማማለሁ፤ ማዕዘን ላይ ያለ ጥላ ከተቀደደ ማዕዘን ይሻላል።

25ኛ። ለሽታው፦ ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ ለጥቂት ቀናት ተዘርግቶ በየቀኑ ይገለበጥ። ሽቶ አይረጭበት።

26ኛ። ተጠቅልሎ ብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ ብል መኖሩን ሳታዪ ማንኛውንም ሥራ አትጀምሪ አላት፤ በ26ኛ ፈንታ በ1ኛ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። የሚበርረው ብል ሱፍ አይበላም፤ የሚበላው ትሉ ነው። እሱም ጨለማና ጸጥታ ይወዳል፤ የሚገኘውም ጥቅሉ እምብርት ውስጥ፣ ዕቃ ተጭኖ በኖረበት ቦታና በጀርባው ነው። ምልክቱ የሸረሪት ድርን የሚመስል ነጭ ሽፋን፣ ደቃቅ እህል የሚያህል ኩስና ጠጉሩ እስከ ቋጠሮው ተበልቶ የተራቆተ ቦታ ነው። ትንሽ ምንጣፍ ከሆነ በፕላስቲክ አየሩ ወጥቶ ይታሸግና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሲወጣም ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ፕላስቲኩ አይከፈትም፤ አለዚያ የአየሩ እርጥበት ሱፉ ላይ ውሃ ይሆናል። የእሷ ግን ሁለት በሦስት ነውና የትኛው ማቀዝቀዣ ይችለዋል? ለትልቁ የቀረው መንገድ ከፊትና ከጀርባ ደጋግሞ በማሽን መሳብ፣ ብርሃንና አየር ማሳየት፣ ትል ከተገኘ ደግሞ ለ2ኛው መላሽ እጅ መስጠት ነው።

27ኛ። የመጨረሻው መላሽ ምንጣፉ ከደረቀ በኋላ ወለል ላይ የማይነጠፍ ከሆነ ጠጉሩ ወደ ውስጥ ይጠቅለል ወይስ ወደ ውጭ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ነጋዴዎች ለመጓጓዣ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይጠቀልላሉ፤ ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡ የሙዚየም ባለሙያዎች ግን ጠጉሩን ወደ ውጭ አድርገው፣ በጠጉሩ አቅጣጫ፣ ወፈር ባለ ጥቅል ቱቦ ላይ ነው የሚጠቀልሉት፤ ጠጉሩ አይጨፈለቅም፣ ድሩም አይጨነቅም። በላዩ የሚለበሰው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነው። ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚያፍን ለማቀዝቀዣው ካልሆነ በቀር አይመከርም፤ ጥቅሉም በቁሙ አይቆምም፣ ይተኛል።